ለሁለት ሳምንት የመጣው ሚዜያችን አራት ወር ሞላው፤ እንዴት ብለን እንሸኘው?

ሙሽሪት ዘሰሚት (ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.)

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ጉዳይ ለእናቴም ሆነ ለእኅቴ መናገር ስላልፈለግሁ ስሜን ሳልጠቅስ እዚህ ማንሣትን መርጫለሁ። ለእናቴ ብነግራት በማግሥቱ ጠዋት ከደብረ ብርሃን ተነሥታ እንደምትመጣና ነገሩን በራሷ መንገድ እንደምትጨርሰው አውቃለሁ፤ እኔ ደግሞ የምፈልገው ማንም ሳይቀየም እንዲያልቅ ነው።

እኔና ባለቤቴ የተጋባነው ዘንድሮ ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ ነው። የምንኖረው ሰሚት አካባቢ በተከራየነው ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የባለቤቴ አንደኛ ሚዜ የልጅነት ጓደኛው ነው። ካዛንቺስ ተከራይቶ ይኖርበት የነበረው ግቢ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ ከአንድ ዘመዱ ጋር ተዳብሎ ቆየ፤ ከዘመዱም ጋር ሳይስማሙ ሲቀሩ በቅበላው ሳምንት ሁለት ሻንጣና ሦስት ካርቶን ይዞ እኛ ቤት መጣ። ያን ዕለት የተባለው «ቤት እስካገኝ፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት» ነበር። ሁዳዴን አብሮን ጾመ፣ ፋሲካን አብሮን ፈሰከ፣ ይኸው የሐዋርያት ጾም ከገባ እንኳ ሳምንት አልፎታል፤ ሁለት ሳምንቱ ግን አላለቀም።

ቤቱን ላላየው ሰው ላስረዳ። ከበሩ እንደገቡ ሳሎኑ ነው። መኝታ ቤታችን ከሳሎኑ ወዲያ ማዶ ሲሆን ሽንት ቤቱ ደግሞ ከመግቢያው በር አጠገብ ነው፤ ስለዚህ ከመኝታ ቤት ወደ ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ግድ ይሆንበታል። እንግዳችን የሚተኛው ሳሎኑ ውስጥ፣ ሶፋው ላይ ነው። ሌሊት በተነሣሁ ቁጥር ሙሉ ቀሚስ ለብሼ፣ ነጠላ ደርቤ፣ የስልኬን መብራት ወደ ወለሉ ደፍቼ በጣቶቼ እየተራመድሁ ነው የማልፈው። እሱ የተኛ ይመስላል፤ እኔም የተኛ መስሎኝ አልፋለሁ። ከእራት በኋላ ውኃ መጠጣት ከተውኩ ሦስት ወር ሆኖኛል። የሚደርበው ጋቢ ደግሞ እናቴ ለሠርጌ በእጇ ፈትላ ያሸመነችው ነው፤ በመጣ ምሽት ባለቤቴ ከቁም ሣጥን አውጥቶ ሰጠው፣ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀልልኝ ነበር። በሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ሌሊት ነው፤ ግፊቱ አራተኛ ፎቅ ስለማይደርስም ከታች መቅዳት አለብን። በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ተነሥቶ ባለ ሃያ ሊትሩን ጀሪካን በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ስምንት ጊዜ የሚመላለሰው እሱ ነው። አልፎ አልፎ የመብራት ካርድ ይሞላል፣ የበላበትን ሳህን ያጥባል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮን አያውቅም። በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ይሠራል፤ ደመወዙ ብዙ አይደለም። በመጀመሪያው ወር በየማታው ስለ ደላላና ስላየው ቤት ያወራን ነበር። ከሚያዝያ ወዲህ ግን ስለ ቤት ያነሣው ነገር የለም፤ እኛም አንጠይቀውም።

ባለቤቴን «ንገረው» ስለው «ሚዜዬን ውጣልኝ ልበለው? አፌስ እንዴት ይከፈታል? ደግሞስ ውኃውን ማን ያወጣልን ነበር?» ይለኛል። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ብትኖሩ እንዴት እንዳለፋችሁት ብትነግሩኝ ታላቅ ውለታ ነው።

ጠጅ ሣር

እኅቴ፣ እንግዳውን ያስገባው ባለቤትሽ ነውና የሚሸኘውም እሱ ነው። አንቺ ከተናገርሽ «ሚስቱ ከጓደኛው አቆራረጠችው» የሚል ወሬ ነገ ሠርጋችሁ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ጆሮ ይደርሳል፤ እሱ ሲናገር ግን ነገሩ በሁለት ጓደኛሞች መካከል የተደረገ ንግግር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለእንግዳው የሚሆን ቃል ከመፈለግሽ በፊት ለባለቤትሽ የሚሆነውን ፈልጊ። ለመሆኑ ውኃ መጠጣት እንደተውሽ ያውቃል? እንደ አጻጻፍሽ ከሆነ ለእኛ ነገርሽን እንጂ ለእሱ የነገርሽው አይመስለኝም።

የድሮ ሚዜ

ከላይ የተሰጠውን አስተያየት ባከብርም በአንድ ነገር አልስማማም። እኔ በሕይወቴ አምስት ጊዜ ሚዜ ሆኛለሁ፤ ከአምስቱ ሦስቱ አንደኛ ሚዜነት ነበሩ። ያደግሁት ጎጃም ገጠር ሲሆን እዚያ አንደኛ ሚዜ መሆን እንደ ዛሬው ሱፍ ለብሶ ፎቶ መነሣት ብቻ አልነበረም። ሙሽራዋን ከአባቷ ቤት ተቀብሎ፣ በበቅሎ አፈናጦ የሚያመጣት እሱ ነው፤ በጫጉላው ሰሞን ከደጅ ሆኖ ምግቡን የሚያቀርበው፣ እንግዳውን የሚመልሰው፣ ሙሽራዋ አዲሱን ቤት እስክትለምድ የሚያጫውታትም እሱ ነው። «ወንድሜ» ብላ የምትጠራው እሱን ነው፤ በኋላ ከባሏ ጋር ቢጣሉ እንኳ አስቀድማ የምታማክረው ሚዜዋን ነበር፤ የባሏ ዘመዶች ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ጫጉላው ሲያልቅ ደግሞ ሚዜዎቹ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ሚዜ የጫጉላው ጠባቂ እንጂ አብሮ ነዋሪ ሆኖ አያውቅም።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በሥርዓቱ ከሄድን ይህ ሰው የባልሽ ጓደኛ ከመሆኑ ባሻገር ያንቺ ወንድም ነው፤ ወንድምን ደግሞ እኅቱ ትናገረዋለች። «ወንድሜ፣ ሚዜዬ ነህና ለአንተ ካልነገርሁ ለማን እነግራለሁ፤ ሙሽርነቴ አልፎ እየሄደ ነው» ብትዪው የሚቀየም ሚዜ አለ ብዬ አላምንም። ቢቀየምም መጀመሪያውኑ ሚዜ አልነበረም።

ሐያት ዘጅማ

በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ይህ ነገር ገደብ አለው። ቡኻሪና ሙስሊም በሚባሉት የሐዲስ መጻሕፍት በተዘገበው ሐዲስ መስተንግዶ ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ በላይ የሚደረገው ሶደቃ፣ ማለትም ምጽዋት ነው፤ እንግዳውም አስተናጋጁን እስኪያስቸግር ድረስ እሱ ዘንድ መቆየት አይፈቀድለትም። ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ መጨረሻው ነው፤ «በቃህ» የማለቱን ሸክም ከአስተናጋጁ ላይ አንሥቶ እንግዳው ራሱ እንዲያውቅበት ያደርጋል።

አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ለዚህ የራሱ ዘዴ ነበረው። ቤታችን እንግዳ አይለየውም ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እንግዳውን ከመደቡ ላይ አያስነሣውም፤ በአራተኛው ቀን ጠዋት ግን ቡናው ከተጠጣ በኋላ «እህ፣ ዛሬ ወዴት አሰብክ?» ብሎ ይጠይቀዋል። እንግዳው የሚሄድበት ካለው ስንቅ ይቋጠርለታል፤ ከሌለው ደግሞ አባቴ ቅርጫት አንሥቶለት አብረው ወደ ቡናው ማሳ ይወርዳሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰው እንግዳ መባሉ ይቀርና የቤቱ ሰው ይሆናል፤ የሥራ ድርሻ አለው፣ የመኝታ ቦታም በአግባቡ ይሰጠዋል። የእናንተ ሰው በመሀል የቀረ ይመስለኛል፤ ውኃ በማውጣቱ የቤት ሰው ነው፣ በመኝታው ግን ገና ትናንት እንደመጣ እንግዳ ነው። ወይ አንዱን ወይ ሌላውን መሆን አለበት።

ቤት ለእንግዳ

የሁላችሁንም አነበብሁ፤ እውነቱን ለመናገር አዘንሁ። በዚህች አገር መንገደኛ መሽቶበት ከደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲል ስሙንና አገሩን ሳይጠይቅ «ቤት ለእንግዳ» ብሎ የሚያስገባ ሕዝብ ነበር። የማያውቀውን ሰው እግር አጥቦ በራሱ መደብ ላይ ያስተኛ ነበር። ዛሬ ግን ቤቱ ፈርሶበት የመጣን፣ ለሠርጋችሁ የደከመን፣ ሌሊት ውኃ የሚያወጣላችሁን ሰው ሶፋ ላይ ስለተኛ ብቻ እንዴት እንደምታስወጡት ትመካከራላችሁ። ኮንዶሚኒየም ቤቱን ብቻ ሳይሆን ልባችንንም አጠበበው።

የጉለሌዋ

«ቤት ለእንግዳ» ላልከው ወንድሜ፤ ስሙን ከወሰድከው አይቀር ትርጉሙንም አብረህ ውሰደው። የመሸበት እንግዳ ሲነጋለት ይሄዳል፤ የመሸበት የተባለውም ለዚህ ነው። እናቴ ቤት የእግዚአብሔር እንግዳ ሲገባ ከእኛ አስቀድሞ ይበላል፤ ጠዋት ደግሞ ዳቦ ቆሎ ተቋጥሮለት ይሸኛል። አራት ወር የተቀመጠ የመሸበት እንግዳ እኔ አላየሁም፤ አንተም አላየህም። ይልቁንስ መጽሐፉን እንጥቀስ ካልን ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ቁጥር 5 አዲስ ያገባ ሰው ዘመቻ እንዳይወጣ፣ ምንም ነገር እንዳይጫንበት፣ አንድ ዓመት በቤቱ ተቀምጦ ሚስቱን ደስ እንዲያሰኝ ያዝዛል። ለጦርነት እንኳ ይቅር የተባለ ሙሽራ ለሶፋ አይሰጥም።

ለልጅቷ የምመክራትን ከሥራ ስመለስ እጽፋለሁ።

ነገረ ፈጅ

በአጭሩ ሁለት ነጥብ ብቻ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት በቤተሰቡ አስተዳደር እኩል መብት ያላቸው ሲሆን የጋራ መኖሪያቸውንም የሚወስኑት በስምምነት ነው። ይህን የምጽፈው ባለቤትዎን በሕግ እንዲያስፈራሩ ሳይሆን «እኔ ምን አገባኝ» በሚል ስሜት እንዳይናገሩ ነው። ሁለተኛ፣ «አከራዩ ተቆጣ» የሚል ሰበብ ለመፍጠር የሚያስብ ሰው ስለማይጠፋ አስቀድሜ ልናገር፤ ከቤት ኪራይ አዋጁ፣ ከቁጥር 1320/2016 ወዲህ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል። በውላችሁ ላይ በቤቱ ስለሚኖሩ ሰዎች የተጻፈ ነገር ካለ ያንኑ ማሳየት ይቻላል፤ ከሌለ ግን የሌለ ነገር አትጥቀሱ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኛ በምንኖርበት በአሜሪካ ያ ሰበብ በብዙ ውሎች ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ነገሩ ይቀልላል። ስሙ በውሉ ያልሠፈረ ሰው ከተወሰኑ ቀናት በላይ እንዳያድር የሚከለክል አንቀጽ አለና ከአገር ቤት አዲስ የመጣን ሰው የምንቀበለው ወረቀቱን እያሳየን ነው። ይሁን እንጂ በወረቀቱ ተከልለን በፊታችን የተናገርነው ሰው በጣም ጥቂት ነው። ባለቤቴና እኔ ቤዝመንት ውስጥ ያሳረፍነው ሰው ከእኛ ቤት ከወጣ ዘጠኝ ዓመት አለፈው፤ ዛሬም ድረስ ያስወጣው የቤቱ አስተዳደር ይመስለዋል። እኛም አላረምነውም።

ደባል የነበረ

እስካሁን የጻፋችሁት ሁሉ ከባለቤቶቹ ወገን ስለሆነ እኔ ከሶፋው ወገን ልጻፍ። በ2011 ዓ.ም. ጀሞ አካባቢ በሚኖሩ አዲስ ተጋቢ ጓደኞቼ ቤት ሰባት ወር ተቀምጫለሁ። እኔም የሄድኩት ለጥቂት ቀናት ብዬ ነው።

መጀመሪያ የምነግራችሁ ነገር፣ እንግዳው ያውቃል። እኔ ያወቅሁት በሁለተኛው ወር መጨረሻ ነው። ጓደኛዬና ሚስቱ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ «ገበያ ደርሰን እንምጣ» ብለው ይወጣሉ፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ቆይተው ይመለሳሉ፤ ግን አንድም ቀን ዘንቢል ይዘው ሲወጡ፣ አንድም ቀን ዕቃ ይዘው ሲገቡ አላየሁም። አንድ እሑድ በታክሲ ሳልፍ ከተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ደረጃ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ከአንድ ወረቀት ቆሎ እየቆረጠሙ ይሳሳቃሉ። እሷ ቤት ውስጥ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። የራሳቸው ቤት እያላቸው ለመሳቅ መንገድ ዳር መጥተው የተቀመጡት በእኔ ምክንያት መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ፤ የምወርድበትንም ቦታ አለፍሁት።

ታዲያ ለምን አልወጣህም ብትሉኝ፣ ከዚያ በኋላም አምስት ወር ተቀምጫለሁ። አንደኛው ምክንያት ገንዘብ ነው፤ ያየሁት አከራይ ሁሉ የሦስት ወር ቅድሚያ ይጠይቃል፣ የደላላው ደግሞ ከዚያ በላይ ነው፣ የእኔ ደመወዝ ለዚያ አይበቃም ነበር። የበለጠው ምክንያት ግን ኀፍረት ነው። ቤት ሳላገኝ ብወጣ «አስቸግሬያችሁ ነበር» ብዬ ማመኔ ይሆናል፤ እሱን ላለማለት ስል ማስቸገሬን ቀጠልሁ። ነገሩ ሳይነሣ በሰነበተ ቁጥር እኔም ማንሣት እየከበደኝ ሄደ። ያኔ አንድ ሰው «እስከ ግንቦት 30» ብሎ ቀን ቢቆርጥልኝ ኖሮ፣ በእውነት እላችኋለሁ፣ እግሩን እስመው ነበር። ወይ ተበድሬ፣ ወይ ተዳብዬ እወጣ ነበር።

የሆነው ግን ይህ ነው። እነሱ ራሳቸው ቤት ቀየሩ። ባለ አንድ መኝታውን ለቀው ስቱዲዮ ተከራዩ፤ ለእኔ የሚሆን ቦታ እንዳይኖር ሲሉ ከነሙሽርነታቸው ጠባብ ቤት ገቡ። ዕቃውን ሲጭኑ አግዣቸዋለሁ፤ ሶፋውን ያወረድሁት እኔ ነኝ። ዛሬ የሚያገናኘን የበዓል መልእክት ብቻ ነው፤ እሱም የመልካም ምኞት ሥዕል ነው፣ ቃል እንኳ የለበትም። እኅቴ፣ አራት ወር ስለቆየ የተቀየምሽው ሰው ስምንት ወር ቢቆይ የማታውቂው ሰው ይሆናል። ንገሩት፤ ቀን ስጡት።

ሙሽሪት ዘሰሚት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የ«ደባል የነበረ»ን ጽሑፍ ለባለቤቴ አነበብሁለት፤ ምንም ሳይናገር ተነሥቶ ወደ በረንዳ ወጣ። ስለ አከራዩ ለተነሣው፣ እንግዳችን የውኃ ሒሳብ የሚያደርስላቸው እሱ ስለሆነ ከእኛ ይልቅ ከእሳቸው ጋር ወዳጅ ሆኗል፤ ስለዚህ ውሸቱ አንድ ቀን አያድርም።

ጠጅ ሣር ለጠየቅሽኝ፣ አልነገርኩትም ነበር፤ እውነት ነው። ትናንት ማታ ነገርኩት። ከእራት በኋላ ውኃ እንደማልጠጣ፣ ሌሊት ለመነሣት ቀሚስ እንደምለብስ፣ ሁሉንም ነገርኩት። በጣም አዘነ፤ ይቅርታም ጠየቀኝ። ዛሬ ከሥራ ሲመለስ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጥቶ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋና በኩራት አሳየኝ። ክዳን ያለው ፖፖ ነው።

ጠጅ ሣር

እኔ ሥራ ቦታ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት፤ ጮክ ብዬ በመሳቄ ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኅቴ፣ ባልሽ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ጓደኛውን አንዲት ቃል ከሚናገር ሚስቱን ፖፖ ላይ ቢያስቀምጥ የቀለለው ሰው ነው። የይሉኝታን ጉልበት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

የድሮ ሚዜ

ከፖፖው በኋላ ሐሳቤን አሻሽያለሁ። ባልየው ይናገር።

የጉለሌዋ

ልጄ፣ የገባሁትን ቃል ልፈጽም። ሠላሳ ሁለት ዓመት በትዳር ኖሬያለሁ፤ የባሌ ወንድሞች፣ የኔ እኅቶች፣ የጎረቤት ልጅ ሳይቀር እኔ ቤት አድረው አልፈዋል፤ ያኮረፍኩትም ያኮረፈኝም አለ።

አስቀድሞ የማይደረገውን ልንገርሽ። ፊት ማጥቆር፣ ሳህን ማንኳኳት፣ ወጡን ማቅጠን፣ «አይ የዘንድሮ ኑሮ» እያሉ በአሽሙር መናገር፣ እነዚህን እንዳታደርጊ። ሰውዬው የሚገባው ከሆነ አራት ወር ሙሉ ገብቶታል፤ የሚያስወጣው ግን የተነገረ ቃል እንጂ የጠቆረ ፊት አይደለም። በጠቆረ ፊት ቢወጣ ደግሞ ቂም ይዞ ይወጣል፣ ቂሙም ባንቺ ስም ይመዘገባል።

ማታ አትናገሩት፤ ከተናገራችሁት በኋላ እዚያው ሶፋ ላይ ማደር አለበትና እንቅልፍ የሚባል ነገር አይኖረውም፣ እናንተም አትተኙም። ቤት ውስጥም አትናገሩት፤ ቤቱ የእናንተ ስለሆነ እንደ ፍርድ ቤት ይሆንበታል። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባልሽ ይዞት ይውጣ፤ ለሁለቱም የራሳቸው ያልሆነ ቦታ፣ ቡና ቤትም ይሁን ሌላ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያውሩ፤ ወንዶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ይህን ማውራት ይከብዳቸዋል። ባልሽ «ሚስቴ እንዲህ አለች» እንዳይል አስጠንቅቂው፤ «እኔ» ብሎ ይጀምር። ቀኑን ይቁረጥለት፤ «ቤት ስታገኝ» ማለት ቀን አይደለም። ከዚያ የምትችሉትን ያህል ለቅድሚያው ክፍያ አዋጡለት፤ አራት ወር ያበላችሁት ሰው የአንድ ወር ኪራይ ብታግዙት አትከስሩም። ምሳውን ደግሞ በዚያው ቀን ቤት ተመልሳችሁ አብራችሁ ብሉ፤ ሽሮም ቢሆን። በዚያ ቀን አብሮ ያልተበላ ማዕድ በኋላ ለመብላት ያስቸግራል።

ቤት ለእንግዳ

እትዬ፣ ባልስማማም እንዲህ ከሆነ እኔም ብሆን ቅር አይለኝም።

ሙሽሪት ዘሰሚት (ሰኔ 23 ቀን)

የሆነውን ላሳውቃችሁ፤ እኔም ገና እያሰላሰልሁት ነው።

ቅዳሜ ዕለት እትዬ እንዳሉት ባለቤቴ ይዞት ወጣ። መገናኛ አካባቢ ቡና አዝዘው አንድ ሰዓት ያህል ስለ ኳስ ካወሩ በኋላ ባለቤቴ እንደምንም ተናገረ። ሚዜያችን ስኒውን አስቀምጦ ረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ቀጥሎም «ታዲያ ለምን ከለከልከኝ?» አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት መጀመሪያ ላይ ከሥራ ባልደረባው ጋር የሚዳበልበት ክፍል ጎሮ አካባቢ አግኝቶ ኖሯል። ይህንኑ ለባለቤቴ ሲነግረው፣ ባለቤቴ «ምን አስቸኮለህ? ክረምቱ ይለፍ እንጂ! ምን ጎደለብህ?» ብሎታል። ለምን እንደዚያ እንዳለ ስጠይቀው «እሺ ሂድ ብለው ስጠብቀው የኖርሁ ይመስልብኛል ብዬ ነው» አለኝ። እንግዳችን ደግሞ «እንዲህ እያለኝ ብሄድ የተቀየምሁ ይመስለዋል» ብሎ ክፍሉን ለሌላ ሰው አሳልፎ ሰጠ።

በባለቤቴ ላይ ልቆጣ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝና አፌን ያዝኩ። የፋሲካ ዕለት ዶሮው ቀርቦ እያለ እንግዳችን «እናንተንም አስቸገርኳችሁ፣ ከበዓል በኋላ እንግዲህ…» ብሎ ሊጀምር ሲል በጉርሻ ያቋረጥኩት እኔ ነኝ። «ምን ማለትህ ነው? ቤትህ አይደል እንዴ!» አልሁት። ያን ጊዜ ሌላ ምን ይባላል? ያን ሌሊትም ቀሚሴን ለብሼ ሳሎኑን አቋርጫለሁ።

አሁን ያ ባልደረባው ሌላ ክፍል ስለያዘ አብሮት ሊገባ ተስማምቷል። የቅድሚያውን ግማሽ እኛ ሰጠን፤ አልቀበልም ብሎ ብዙ ከተከራከረ በኋላ በብድር ስም ተቀበለ። ዛሬ ጠዋት ሁለቱን ሻንጣ ይዞ ወጣ። ሊወጣ ሲል ሌሊት ያወጣውን ውኃ በየባልዲውና በየድስቱ ሁሉ ሞልቶልን ነበር።

ደባል የነበረ

እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ለእሱም ጭምር። ስልክ ደውሉለት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ካልተደወለ በኋላ ይከብዳል። ግን ሻንጣዎቹን ብቻ ነው ያነሣሽው፤ ካርቶኖቹስ?

ሙሽሪት ዘሰሚት

ሦስቱም በረንዳው ላይ ናቸው፤ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ በኋላ እወስዳቸዋለሁ ብሏል።

ሐያት ዘጅማ

ካርቶኑ ሳይወጣ እንግዳ ወጣ አይባልም፤ አባቴ ቢኖር እንዲህ ነበር የሚልሽ። ጋቢውስ ተመለሰ?

ሙሽሪት ዘሰሚት

ይህን ባትጠይቂኝ ደስ ይለኝ ነበር። ጠዋት አጥፎ ሶፋው ላይ አስቀምጦት ነበር። ባለቤቴ ደረጃው ድረስ ሲሸኘው ሆዱ ባባና «እንካ፣ ብርድ ነው፣ ክረምት ነው» ብሎ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣለለት። እኔ ማድ ቤት ነበርሁ። ሳሎን ስገባ ሶፋው ባዶ ነው፤ አራት ወር ሙሉ ባዶ ሆኖ ለማየት ስመኘው የነበረ ሶፋ።

እናቴ ለነሐሴ ኪዳነ ምሕረት እመጣለሁ ብላለች፤ ስትመጣ መጀመሪያ የምትጠይቀው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጾሙ የሚፈታው ሐምሌ 5 ቅዳሜ ስለሆነ ሚዜያችንን ለዚያ ቀን ምሳ ጠርተነዋል፤ ካርቶኖቹንም ያኔ ይወስዳል። ዶሮውን እኔ እሠራለሁ፣ ሽንኩርቱን ባለቤቴ ይከትፋል። ጋቢው የእናቴ የእጅ ሥራ መሆኑን ማን እንደሚነግረው ግን ገና አልተስማማንም።